ለዝናቡ ብረት፣ ለሰው ትከሻ

ላሊበላን ያየ ሰው በአራት ቦታ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተዘረጋውን የብረት መጠለያ አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆመ ነው። ወፍራም ምሰሶ፣ ሰፊ ጣሪያ፣ ከሩቅ የሚታይ። መልኩን የወደደለት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢሆንም ተሠራ፤ ዝናቡ ድንጋዩን እየበላው ነበራ። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው መውረጃ ይሠራ ሲባል «ኧረ ቅርሱ ይበላሻል!» የሚለው ጩኸት ከየት መጣ?

ነገሩ ለእኛ ለቆቦ ልጆች ሩቅ አይደለም። ከተማችን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተመላልሶባታል፤ በክራንችና በዊልቸር የሚሄድ ወጣት እዚህ ብርቅ አይደለም። ራያ ሜዳ ነው፣ ባጃጁም ደጅ ድረስ ይመጣል፣ እንደምንም ይኖራል። ለገና ላሊበላ ልሳለም ሲል ግን ወልዲያ፣ ከዚያ የድልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና፣ ከዚያ ላሊበላ። ይህን ሁሉ መንገድ መኪና ይጨርስለታል። የማይጨርስለት የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ነው።

«እንሸከመዋለን፣ ምን ችግር አለው?» ይሉሃል። ቅንነት ነው፣ አልክድም። ግን በእኛ አገር ቃሬዛ ላይ የሚወጣው የታመመ ወይም የሞተ ነው። ሊሳለም የመጣ ጤነኛ ጎልማሳ ለምን እንደ በሽተኛ ይነሳል? ትንሽ ልቆይ ቢልስ? ሽንት ቤት ቢያምረውስ? አሥራ አንዱንም ቤት ማየት ቢፈልግ ስንት ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ሊል ነው?

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 30 የአገር ቅርስ የሆኑ ቦታዎችን ስለ መጎብኘት ይናገራል፤ በተቻለ መጠን ይላል። እኛ ይህችን «በተቻለ መጠን» ይዘን ተኛንባት። የተቻለውን መች ሞከርን?

ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ግድም ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሊፍት ይተከል የሚል እብድ የለም። ግን ያ በየስልኩ የሚዞረው መስቀል ፎቶ የሚነሳው ከታች ነው እንዴ? ከላይ፣ ከአፋፉ ነው! እስከ አፋፉ የተስተካከለ መንገድና መደገፊያ ቅርሱን በምን ይጎዳዋል? ደረጃው ላይ ተነጥፎ ሲፈለግ የሚነሳ የእንጨት መተላለፊያስ?

አቴናውያን እ.ኤ.አ. በ2020 አክሮፖሊስ ላይ አዲስ ሊፍት ተክለዋል። መንገዱን በኮንክሪት በማልበሳቸው ብዙ ተወቅሰዋል፤ ወቀሳው ልክ ነው ባይ ነኝ። ግን እነሱ የሚጣሉት ሲሚንቶ ይሁን አይሁን ብለው ነው። እኛ ገና ሰውየው ይግባ አይግባ ላይ ነን።

አንድ የእውነት ጥያቄ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወለቃል፤ የዊልቸሩ ጎማስ? ይህን የሚመልሱት ካህናቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ጎማውን ንጹሕ ጨርቅ ማልበስ ወይም ከውስጥ የማይወጣ ሌላ ዊልቸር ማስቀመጥ ግን ጉባኤ የሚያስጠራ ነገር አይመስለኝም።

ሁሉም ይቅር፣ በጀት የለም እንበል። የትኛው ቤት ስንት ደረጃ እንዳለው፣ የትኛው ግቢ በጎማ እንደሚደረስ፣ የትኛው እንደማይደረስ የሚናገር አንድ ወረቀት ትኬት መሸጫው ላይ ይለጠፍ። ከቆቦ የሚነሳው ሰው ሳይነሳ ይወቀው። ከመጪው ገና በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።