ሳይቃጠል በሻይ ቅጠል



ካትሌሆንግ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንተዳደረው በሱቅ ነው። ሱቅ ካለ ፍሪጅ አለ፤ ፍሪጅ ካለ ደግሞ ለስላሳ አለ። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ጠማኝ» ሲል እጁ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ወላጅም ደንበኛ ሲበዛበት «ይጠጣ፣ ምን ችግር አለው» ይላል። እኔ ግን ችግር አለው ባይ ነኝ። ለስላሳው ይሸጥ፤ ለልጆቻችን ግን ውሃና ሻይ ይቅረብላቸው።

ልጆች፣ እስቲ አብረን እናስላ። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር አለው የሚል ከሆነ፣ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጣሳ 33 ግራም አለው ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ጣሳ 8 ማንኪያ ስኳር ትጠጣላችሁ! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ለአዋቂ ሰው እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይሻላል ብሏል፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ትርፉ የጥርስ መበስበስና ያለ ልክ መወፈር፣ ውሎ አድሮም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ በስኳራማ መጠጦች ላይ ግብር የጣለው ለዚህ ነው።

«ታዲያ እኛስ ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር አይደል የምንጨምረው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው! እንዲህ ያለ ሻይ ከለስላሳ ብዙም አይሻልም። ልዩነቱ ግን የሻዩ ማንኪያ በእጃችን መሆኑ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብንቀንስ ምላስ ይለምደዋል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ዝንጅብል ከገባበት ደግሞ ስኳሩ ብዙም አይናፍቅም።

ሻይ ሁሉ ለሁሉም አይሆንም። ከውሽውሽና ከጉመሮ እርሻዎች የሚመጣው የአገራችን ጥቁር ሻይ ግሩም ነው፤ ነገር ግን እንደ ቡና ካፌይን አለው፣ ማታ ለልጅ እንቅልፍ ይነሳል። በዚያ ላይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በጤፍ፣ በምስርና በሽሮ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን በደንብ ወደ ሰውነታችን እንዳይገባ ያደርጋል። ስለዚህ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ነው። እንደፈላም አይጠጣ፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል።

ለልጆች የሚስማማው የዚሁ አገር ሮይቦስ ነው። የስሙ ትርጉም በአፍሪካንስ «ቀይ ቁጥቋጦ» ማለት ነው። የሚበቅለው በሴደርበርግ ተራሮች አካባቢ ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የሳንና የኮይ ሕዝቦች ናቸው። ስሙም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በሕግ የተጠበቀ ነው። ካፌይን ጨርሶ የለውም። የደቡብ አፍሪካን ቅጠል በእኛ ቀረፋና ቅርንፉድ ማፍላት እንዴት ደስ ይላል! ልጆቻችንም እኮ እንደዚያው የሁለት አገር ልጆች ናቸው።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ለስላሳ ልጅ ብቻውን ቆሞ ጠጥቶት የሚሄደው ነገር ነው። ሻይ ግን ያስቀምጣል፣ ያጫውታል። ሱቅ ዘግተን ማታ ስንገባ ሩብ ሰዓት እንኳ ከልጆቻችን ጋር ፉት እያልን በአማርኛ ብናወራ፣ እዚህ በሳምንት አንድ ቀን የምናስተምረው ትምህርት ቤት ውስጥ ሥር ይሰዳል።

ልጆች፣ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይሄ ነው፦ የሦስት መጠጦችን ስኳር አስልታችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ። እማዬንና አባዬንም «ዛሬ ሻይ አብረን እንጠጣ» በሏቸው።

መልካም ሳምንት!