እጥረቱን ማን አመጣው?

ሰሞኑን ከአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ተጣልቻለሁ። «ደርዝ» ትባላለች። (ከእኛው «ደርዝ ያለው ንግግር» ጋር ዝምድና የላትም፤ አጠራራቸው ገጥሞ ነው።) ትርጉሟ እጥረት ነው። ብዙውን ጊዜ «ኤ ደርዝ ኦፍ» ተብላ የጠፋውን ነገር ከኋላዋ ታስከትላለች፦ የመረጃ እጥረት፣ የሐሳብ እጥረት፣ የጥሩ መምህር እጥረት።

ድሮ ግን የእህል ገበያ ቃል ነበረች። የወጣችው «ዲር» ከሚለው ቃል ነው። «ዲር» ደግሞ ልክ እንደኛው «ውድ» ለፍቅረኛም ለሽንኩርትም ያገለግላል። እህል ሲጠፋ ዋጋው ይወደዳልና «ውድነት» ማለት ቀስ በቀስ «እጥረት» ማለት ሆነ። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም።

ጠባችን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስትገባ ነው። «ዘር ኢዝ ኤ ደርዝ ኦፍ» ተብሎ ሲጀመር እጥረት አለ፤ ያመጣው ሰው ግን የለም። እኛስ ብትሉ? «የስኳር እጥረት ተከሰተ»፣ «የውሃ እጥረት አጋጠመ» እንላለን። የሰፈር አማርኛችንም አይሻልም፦ መብራት ሄደ፣ ውሃ ጠፋ። መብራቱ ጫማውን አጥልቆ የወጣ ነው የሚመስለው!

ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «የሰፈሩ ውሃ ሦስት ሳምንት ለምን ተቋረጠ?» የሚል ዜና ጽፌ ነበር። አለቃዬ አንብቦ «በአካባቢው የውሃ እጥረት አጋጠመ» ብሎ አስተካከለልኝ። አንዲት «ለምን» ስትወጣ መልስ መስጠት የነበረበት ሰውዬም አብሮ ወጣ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ ነበር። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ እጥረትንና ረሃብን ለያይቷል። በእሱ አባባል እጥረትን የሚያመጣው በአብዛኛው የአዝመራ መበላሸት ነው፤ ረሃብ የሚመጣው ግን መንግሥት እጥረቱን በማይሆን መንገድ አስተካክላለሁ ሲል ነው። እስማማለሁ አላልኩም። ሰውዬው ግን ቢያንስ ተጠያቂ ፈልጓል።

አማርትያ ሴን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ወደኛው ወሎ ይወስደናል፤ ወደ 1965 እና 66 ዓ.ም.። በዚያ ክፉ ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ይላል። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው አዝመራው ሲከዳው፣ ከብቱም ሲያልቅበት፣ መግዣ አጣ። ልብ በሉ፦ በጥንታዊ ትርጉሟ ከሄድን ወሎ ላይ ደርዝ አልነበረም፤ እህሉ አልተወደደምና። ሰው ግን አለቀ።

«የእህል እጥረት ነበር» ብሎ ማለፍ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። እህሉን ማን ጫነው? ገበሬው ለምን ባዶ እጁን ቀረ? መንግሥትስ የት ነበር? ዓረፍተ ነገሩ አይጠይቅም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «እጥረት አለ» ሲሏችሁ በደፈናው አትቀበሉ። «ማን ጋ ነው ያጠረው? ማን ጋ ነው የተረፈው?» በሏቸው። መልስ ካጡ፣ እጥረቱ የት እንዳለ ያኔ ታውቃላችሁ።