ድሉ የፋንተም ሬጅመንት ነው

እ.ኤ.አ. በ2008 በኢንዲያና ግዛት፣ በብሉሚንግተን ከተማ በተካሄደው የአሜሪካ ድረም ኮሮች፣ ማለትም የከበሮና የነሐስ መሣሪያ የሰልፍ ጓዶች፣ የፍጻሜ ውድድር ፋንተም ሬጅመንት 98.125፣ ብሉ ዴቭልስ ደግሞ 98.100 ነጥብ አገኙ። ልዩነቱ 0.025 ብቻ ነው፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። ለተሸናፊው የሚሟገቱ ወገኖች «ፋንተም በስፓርታከስ የባሪያዎች አመፅ ትርኢቱ ተመልካቹን በስሜት ነድቶ ጥራትን በጩኸት አሸነፈ» ይላሉ።

ይህ ሙግት ደንቡን ካለማንበብ የመነጨ ይመስለኛል። ከመቶው ነጥብ 40ው የተመደበው ለትርኢቱ አጠቃላይ ተፅዕኖ ነበር፤ ለሙዚቃና ለእንቅስቃሴ የቀረው ለእያንዳንዳቸው 30 ነው። እንግዲህ ተመልካችን ከመቀመጫው ማስነሣት በጓሮ በር የገባ ማጭበርበር ሳይሆን የፈተናው ትልቁ ጥያቄ ነው። እያንዳንዷን ስሕተት እየለቀሙ ነጥብ መቀነስማ በ1984 ቀርቷል! የብሉ ዴቭልስን የአጨዋወት ንጽሕና አልክድም፤ ዳኞቹም አልካዱም፣ 98.100 ሰጥተዋቸዋልና።

«ይህን ያህል ከተቀራረቡ ዋንጫውን ሊጋሩ ይገባ ነበር» የሚሉም አሉ። እነዚሁ ሁለት ጓዶች በ1996 እኩል 97.4 አግኝተው ተጋርተዋል፤ ያኔ እኩል ነበሩና ማንም ሊነቅፈው አይችልም። በ2008 ግን እኩል አልነበሩም።