«ጎበዝ ባለሙያ በመሣሪያ አያሳብብም» ለምትሉን

ባለፈው ሰሞን የለጠፍኩት የመሮ ፎቶ ሥር አንድ ወዳጄ «ጎበዝ ባለሙያ በመሣሪያ አያሳብብም» ብሎ ጻፈ። ላይኩም ጎረፈለት። ወዳጄን አከብረዋለሁ፣ አባባሉ ግን ሲቆረቁረኝ ዘመን የለውም። ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ፣ ይህን የሚናገረው መሮውን የሚይዘው ሰው አይደለም፤ የሚገዛው ነው።

የእንጨት ቶርኖ ፊት ቆማችሁ የማታውቁ፣ እስኪ ላስረዳችሁ። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዋንዛ ግንድ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር፣ ዳሩ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል እየሮጠ ነው ስለቱን የሚመታው። መሮው ብረቱ ማሳረፊያ ላይ ተደግፏል፤ ልክ እንደ ሚዛን በሉት። ስለቱ ከማሳረፊያው 3 ሳንቲ ሜትር አልፎ ወጥቶ፣ እጃችሁ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ከያዘ፣ እጃችሁ የሚሸከመው የምቱን አንድ አምስተኛ ነው። እጀታው ረዝሞ 45 ላይ ብትይዙ አንድ አሥራ አምስተኛ ብቻ። ያው ሰው፣ ያው ጡንቻ። ጉብዝና የት ጋ ነው የገባው?

በየወርክሾፑ የማየው ግን ያለቀ ሞረድ በግራይንደር ተስሎ፣ ጅራቱ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞበት ነው። ወገን፣ ሞረድ ብረት እንዲፍቅ ነው የተሠራው። ከጥንካሬው ብዛት ይሰበራል እንጂ አይጎብጥም። ሲሰበር ደግሞ ቁራጩ የሚበረው የሠራተኛው ፊት ባለበት ነው። ያ ሹል ጅራትም እጀታ ከሌለው መዳፍ ለመብሳት አንድ ግፊት ይበቃዋል። ከዚህስ ባሌስትራ ይሻላል፤ የሚያውቅ ሰው በእሳት በደንብ ካጠነከረው ክፉ አይደለም።

የገበያው ነገርም አለ። ስድስት መሮ በሚያብረቀርቅ ሳጥን ከመግዛት አንድ ደህና ጎድጓዳ መሮ መግዛት ይበልጣል። ተራው የካርቦን ብረት ስትስሉት ሰማያዊ ከሆነ አለቀለት፤ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ጥንካሬውን ጥሏል፣ ከዚያ በኋላ በየደቂቃው ይዶለዱማል። ሀይ ስፒድ የሚባለው ብረት 500 ዲግሪ ቢያልፍም ይችላል። እሱም የትናንት ቅንጦት አይደለም፤ በ1900 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ታይቶ ጉድ የተባለለት ነው። ውድ ነው? አዎ ውድ ነው። ግን ርካሹ በየቀኑ ግራይንደር ላይ የሚበላውን ብረትና ሰዓት ማን ቆጥሮት ያውቃል?

እጀታን በተመለከተ «ምቾት» ስል ፈገግ የሚሉ አሉ፣ ሶፋ የጠየቅኩ ይመስል። ቀጭን እጀታ እንዳያመልጣችሁ አጥብቃችሁ እንድትጨብጡ ያስገድዳል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ስትጨብጡ ጅማቱ ይቆጣል፣ ሌሊት ጣት ይደነዝዛል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዛሬ ጠዋት ጠዋት የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ ነው የሚያነሳው። ገና ሠላሳ አልሞላውም። አሠሪው እጀታ እንዲቀየርለት ሲጠይቅ የመለሰለትን ገምቱ፤ ያቺኑ አባባል ነው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቀርቷል እንበል። ጨርቅ የተጠመጠመበት ሞረድ «ሥራበት» ብሎ ማቀበልስ ምን ይባላል?

እጀታ እኮ ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም! አያቶቻችን ለመጥረቢያ ወይራ የመረጡት ሲያምር ብለው አይደለም፤ ጠጣር ነው፣ ምት ይችላል። ባህር ዛፍ እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ ተዉት። የእንጨቱ መስመር ቀጥ ያለ ይሁን። ጅራቱ በሚገባበት ጫፍ ከቧንቧ ቁራጭ ቀለበት አጥልቁበት፣ አለዚያ አንድ ቀን ለሁለት ይከፈላል። ውፍረቱን በራሳችሁ እጅ ለኩ፤ ስትጨብጡት የጣታችሁ ጫፍ መዳፋችሁን ለመንካት ትንሽ ሲቀረው ልክ ነው። ቫርኒሽ አትቀቡት፣ እጅ ሲያልበው ያንሸራትታል። የተልባ ዘይት አጠጡት።

ለአሠሪዎች ደግሞ፦ ሠራተኛችሁ ስለ መሮው ቅር ሲለው ሰበብ እየፈለገ ነው ከማለታችሁ በፊት፣ ያንኑ መሮ ይዛችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ቁሙና እንነጋገር።

ብስራተ ገብርኤልና መካኒሳ አካባቢ ያላችሁ፣ እጀታ የሌለው መሮ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ይዛችሁ ቤት ኑ። የደረቀ ወይራ አለኝ፣ ቶርኖውም ይሠራል። ሞረዱን ግን እዚያው ተዉት።