ጥርስ ባዳ ነው



ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳቅ አምልጦት የማያውቅ ሰው ማን ነው? ሟቹ ከተቀበረ ሁለት ቀን ሳይሞላው ከሐዘንተኞቹ አንዱ የሟቹን የቆየ ጨዋታ ያነሳና ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ደንግጦ አንገቱን ይደፋል። አባቶቻችን ይህን አይተው «ጥርስ ባዳ ነው» ብለዋል። ልብ ሲያዝን እሱ እንደ ዘመድ አብሮ አያዝንም ማለታቸው ነው። በቅርቡ በሀይቅ ከተማ የገጠመን ነገር ግን በዚህ አባባል ላይ ደግመን እንድናስብ አድርጎናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሀይቅና የአምባሰል ወጣቶች ተሰባስበው አንድ ቴአትር ለማዘጋጀት ተነሱ። ዓይነቱ የጥበቡ ሰዎች ጥቁር ኮሜዲ የሚሉት ነው፤ እኛ መራራ ቀልድ ብንለው ያስኬዳል። ይኸውም በሚያስለቅስ ጉዳይ የሚያስቅ ማለት ነው። ለጉዳዩም ሩቅ አልሄዱም። ከሀይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የውጫሌን ታሪክ መረጡ።

እንደሚታወቀው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል መላክ እንደሚችሉ ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። አጼ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ በጻፉ ጊዜ መልሱ ምስጢሩን አወጣው። ውሉ በ1885 ዓ.ም. ፈረሰ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ በዓድዋ ላይ በደም ተቋጨ። ከወሎም ራስ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ዘምተዋል። በመድረሳ የተማረ ሰው አንዲት ሐረካ ስትሳሳት ትርጉም እንዴት እንደሚገለበጥ ያውቃል። እዚህ ግን የተገለበጠው የአንድ አገር ዕጣ ነበር።

ወጣቶቹ የፈጠሯት ባለ ታሪክ ንጉሥም መኳንንትም አይደለችም። ውሉ ከሚፈረምበት ድንኳን ውጭ ቡና የምታፈላ የአምባሰል እናት ናት። ከውስጥ የሚወጣውን ሁሉ «ምን ተባለ?» እያለች ትጠይቃለች። አንዱ «ቢፈልጉ ይችላሉ ተባለ» ይላታል። ሌላው «ግዴታ አለባቸው ተባለ» ይላታል። እሷም ጀበናዋን አስቀምጣ «ታዲያ እኔ ይህን ቡና የማፈላው ብፈልግ ነው ወይስ ግዴታዬ ነው?» ትላለች። በመጨረሻው ትዕይንት ሰባት ዓመት አልፏል። ልጇ ከዓድዋ አልተመለሰም። ስኒዎቹን ትደረድርና ለሌለው ልጅ አንድ ጨምራ ትቀዳለች። «ቢፈልግ ይጠጣል፤ ግዴታ የለበትም» ትላለች። ቴአትሩ በዚህ ያበቃል።

ተዋንያን በሚመረጡበት ቀን የቋንቋ መምህር በመሆናችን ከፈታኞቹ አንዱ እንድንሆን ተጠራን። ለእናትየዋ ቦታ ብዙ ልጃገረዶች ቀረቡ። አንዷ ወገቧን ይዛ እየተውረገረገች ገባች። ሌላዋ ድምጿን አጎላድፋ ተናገረች። አዳራሹ ሳቀ። ነገር ግን የመጨረሻው ስኒ ላይ ሲደርሱ እሪ ብለው አለቀሱ፣ አዳራሹም አሁንም ሳቀ። ማልቀስ በሚገባው ቦታ የሚሳቅ ከሆነ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ገባች። ለማሳቅ ምንም አልሞከረችም። ከልቧ ግራ የገባት ሴት ሆና «ግዴታዬ ነው?» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስኒውን ስታስቀምጥ ግን የሚተነፍስ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

ውድ አንባብያን፣ እኛ ለዚህች ልጅ ከ10 የሰጠናት 4 ነው! ችሎታዋን ሳናይ ቀርተን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ታላቅ ወንድሟን ማጣቷን እናውቅ ስለነበር ነው። ለእሷ ያዘንን መስሎን ቦታውን ልንከለክላት ፈለግን። ከፈተናው በኋላም ጠራናትና «ይህ ላንቺ ይከብድሻል፤ ሌላ ቦታ ብትይዢ አይሻልም?» አልናት።

«ቲቸር» አለች፣ «ቤታችን ውስጥ ስሙን የሚያነሳ የለም። እማዬ እንዳታለቅስ ሁላችንም ዝም እንላለን። እዚህ ግን ስኒ ላስቀምጥለት እችላለሁ።»

የምንመልሰው ጠፋን። ነጥባችንን ለማረም ወደ አዘጋጁ ብንሄድ ሌሎቹ ፈታኞች አንደኛ አድርገዋት ኖሯል። የተሳሳትነው እኛ ብቻ ነበርን።

አባቷ ግን አልፈቀዱም። ከዐስር ሶላት በኋላ ቤታቸው ሄደን ተቀመጥን። «መምህር፣ ሰውን ለማሳቅ መዋሸት በዲናችን የተነቀፈ አይደለም ወይ? ደግሞስ በሐዘን ላይ ይቀለዳል?» አሉን። የፊተኛውን ጥያቄ ወደ ዑለሞች እንዲወስዱት መከርናቸው፤ ያ የእኛ ድርሻ አይደለም። በኋለኛው ላይ ግን የምናውቀውን ነገርናቸው።

በአገራችን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትር የጻፉት፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለ ነበር። አውሬ የተናገረ መስሎ የሹማምንቱን ብልሹነት ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መንግሥቱ ለማም «ጠልፎ በኪሴ» ሲጽፉ ያነሱት ስንት ልጃገረድ ያለቀሰችበትን የጠለፋ ልማድ ነው። በሁለቱም የሚሳቀው በተበዳዩ ላይ አይደለም፤ በደሉን ባመጣው ላይ ነው። የወጣቶቹም ቴአትር በልጇ በቀረባት እናት አይስቅም። አንዲትን ቃል ሁለት አድርገው በፈረሙት ላይ ይስቃል። የቡናዋ እናት ጥያቄ ያስቀን እውነት ስለሆነ ነው፤ ስኒዋም ዝም ያሰኘን በዚያው ምክንያት ነው። ተዋናዩ ለማሳቅ ሲታገል ሁለቱም ይበላሻሉ። ሰው ባለ ጉዳዩን ትቶ የተዋናዩን ጥረት ማየት ይጀምራልና።

አባትየው ሰምተው ዝም አሉ። እሺም እምቢም አላሉንም።

በሦስተኛው የልምምድ ቀን ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየናቸው። ልጃቸው የመጨረሻውን ስኒ በአንድ እጇ ስታስቀምጥ ከተቀመጡበት ተነሡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ይዘዋት ሊሄዱ ነው ብለን ልባችን ተሰቀለ።

«እንዲያ አይደለም» አሉ። «እናትሽ ለሱ ስትሰጠው በሁለት እጇ ነበር።»

ይህን ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቱም ስኒውን አንስታ በሁለት እጇ አስቀመጠችው።

እኛ በመምህርነታችን ልጆቻችንን ከሐዘን የምንጠብቃቸው ዝም በማሰኘት ይመስለን ነበር። ከእናንተም መካከል እንዲህ የሚያስብ ወላጅ አይጠፋም። የጠፋውን ሰው ጨዋታ በቤታችሁ አንሱ፤ ሳቅ ቢያመልጣችሁም አትደንግጡ። ጥርስ ባዳ ቢሆንም፣ ባዳም እኮ አንዳንዴ ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል።