ጉበት ሲታመም ዳቦውንም እንጠይቅ

በወላይታ ሶዶ ከተማ ለእንግዳ ፓስታና ዳቦ ማቅረብ ክብር፣ ቆጮ ማቅረብ ደግሞ የእጦት ምልክት የሚመስላቸው ቤቶች አሉ። በዳሞት ተራራ ሥር፣ በእንሰት ጓሮ ያደገ ልጅ እንኳ ከተማ ሲገባ ቁርሱ ሻይ በዳቦ ይሆናል። ስንዴ ለአብዛኞቻችን መልካም ምግብ ነው፤ በዚያ ጠብ የለኝም። የሚያሳስበኝ ስንዴ የሚያሳምማቸው ወገኖቻችን ሕመማቸው በሌላ ስም እየተጠራ ዓመታት ማለፋቸው ነው።

በሽታው ሴሊያክ ይባላል። መነሻው በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ነው። በተፈጥሮው ለበሽታው ተጋላጭ የሆነ ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ተነሥቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብ የሚመጠው የአንጀት ገጽ ይጎዳል፤ የበላው ሳይዋሐደው ያልፋል። ሕፃን ከሆነ ሆዱ ይነፋል፣ ዕድገቱ ይገታል። አዋቂ ከሆነ ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ የማይድን ደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት ይከተላል። ተቅማጥ ፈጽሞ የማይታይበትም ብዙ ነው። ነገሩ ከስንዴ ጋር መያያዙን በሳይንስ ያስረዳው ዊለም ካሬል ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ የታመሙት ልጆች ሲያገግሙ፣ ዳቦ ሲመለስ ዳግም ሲታመሙ አስተዋለ። ዛሬ በዓለም ከ100 ሰው አንዱ ገደማ በሽታው እንዳለበት ይገመታል። የፈረንጅ በሽታ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት እዚህም መኖሩ ታይቷል።

ጉበት እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ከአንጀት የሚነሣው ደም የበላነውን ይዞ በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው። የተጎዳ አንጀት ሊያግደው የሚገባውን ሁሉ ሲያሳልፍ ጉበት ይቆጣል። ሕክምና ካልጀመሩ አዋቂ የሴሊያክ ሕሙማን መካከል እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ ይገኛል። ደስ የሚለው፣ ግሉተን ሲተው በአብዛኞቹ ዘንድ በአንድ ዓመት ገደማ ወደ ልኩ ይመለሳል።

እኛ ጋ ግን ጉበት ታመመ ሲባል «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ተጨምቆ ይጠጣል። ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል የተጎዳ ጉበትን የባሰ ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ አልኮል፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ይጣሩ፤ በአገራችን እነዚህ ይበዛሉ። ሁሉም ተጣርቶ ምክንያቱ ካልተገኘ፣ በተለይ ደም ማነስ ወይም የሆድ ሕመም አብሮ ካለ፣ ሐኪሙ ሴሊያክን ያስብ። ለአሜባና ለጃርዲያ ደጋግሞ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለውም እንዲሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሳይመረመሩ ስንዴ መተው አይገባም። የደም ምርመራውም ሆነ ከአንጀት የሚወሰደው ናሙና እውነቱን የሚያሳየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። አስቀድሞ የተወ ሰው ውጤቱ ነጻ ሊመስል ይችላል።

በሽታው ከተረጋገጠ በኋላ ግን ወላይታ የታደለ ምድር ነው። ቆጮ፣ ቡላ፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ በቆሎ፣ ቁርጡ ከነዳጣው፣ አንዱም በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። ጤፍም እንዲሁ፤ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ግሉተን እንደሌለው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ከውጭ በውድ ዋጋ የሚመጣውን ልዩ ብስኩት ማሳደድ አያስፈልግም።

አደጋው ያለው ወፍጮ ቤት ነው። የአንዷ ስንዴ ተፈጭቶ ሳያበቃ የሌላዋ በቆሎ በዚያው ወፍጮ ይገባል፤ ዱቄቱ በአንድ አፍ ይወርዳል፣ ጆንያውም ያው ነው። ለሴሊያክ ሕመምተኛ በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን፣ ማለት ከአንድ ፍርፋሪ ዳቦ የማይበልጥ መጠን፣ አንጀትን ለመጉዳት ይበቃል። ገበያ ላይ የሚሸጥ እንጀራም ገብስ ወይም ስንዴ ሊደባለቅበት ይችላል። ቢራና ጠላ አብዛኛውን ጊዜ የገብስ ብቅል አለባቸው፤ ቦርዴም በገብስ ወይም በስንዴ ብቅል ከተጠነሰሰ አይሆንም። ስለዚህ የሕመምተኛው እህል በቤት ተለቅሞ፣ ከተቻለ ስንዴ በማይገባበት ወፍጮ ይፈጭ፤ ምጣዱና ወንፊቱም ለብቻ ይሁን።

ሌላው ነገር ቆጮ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቆጮም ሆነ እንጨት ቦዬ (ካሳቫ) ኃይል ይሰጣሉ እንጂ ፕሮቲናቸው ጥቂት ነው፤ እንጨት ቦዬ ደግሞ በአግባቡ ካልተዘጋጀ መርዝ ይኖረዋል። ስለዚህ ከቆጮው ጋር ባቄላና ቦሎቄ፣ ወተትና አይብ፣ እንቁላልና ጎመን ይጨመር።

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞቻችን ምክንያቱ ባልታወቀ የጉበት ኢንዛይም ጭማሪ ፊት ይህን በሽታ በዝርዝራቸው ያስገቡ፤ የደም ምርመራው በቅርብ ከሌለ ናሙና ወደ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች የሚላክበት መንገድ ይመቻች። ወላጆችም ዳቦ በበላ ቁጥር ሆዱን የሚያመውን ልጅ «አመል ነው» ብለው አይለፉት፤ ያስመርምሩት። ከተረጋገጠም በኋላ ቆጮ ቀርቦለት አይፈር፤ መድኃኒቱ እሱ ነውና።