በካርዱ ላይ ምን ተጻፈ?

ከሐኪም ቤት ስትመለሱ መድኃኒቱን በቦርሳችሁ፣ ምክሩን በልባችሁ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። በካርዳችሁ ላይ ምን ተጽፎ እንደ ቀረ ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ እኔም ብሆን የአክስቴ ነገር እስኪደርስ ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አክስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት ነበረባት። ባደገችበት ደጋ አገር እንቅርት ያለባት ሴት ብዙ ስለ ነበረች እንደ በሽታ የሚቆጥረው አልነበረም። እያደገ ሄዶ መዋጥ ሲያስቸግራት በቀዶ ሕክምና ተወገደላት፤ ከዕጢውም የቀረው ጥቂት ነበር። እየተመላለሰች እንድትታይ ተነግሯት ነበር፤ ነገር ግን ደኅና ስለ ሆነች አልተመለሰችም። የሆስፒታሉም ወረቀት ቤት ስትቀይር ጠፋ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ያቺ ከወፍ ጋር የምትነሣ ሴት ከአልጋዋ መውረድ አቃታት። በሚያዝያ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትቀመጥ ጀመር። ድምፅዋ ጎረነነ፣ ፀጉሯ ሳሳ፣ ፊቷ አበጠ፣ ሳትበላ ወፈረች። የገዛ ጎረቤቷ ስም ይጠፋባታል። ባሏ «ሰነፍሽ» አላት፤ እሷም አመነችው። እኔም ራሴ «ዕድሜ ነው» ብያት ስለ ነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪም ቤት አልሄደችም እንዳይባል ሦስት ቦታ ሄዳለች። በአንደኛው ካርድ «ድካም»፣ በሁለተኛው «ደም ማነስ»፣ በሦስተኛው «የሆድ ድርቀት» ተብሎ ተጻፈ። ሦስቱም ውሸት አልነበሩም። ሁሉም የአንድ በሽታ ምልክቶች ሲሆኑ በሦስት ካርድ ክፍሎች ተከፋፍለው ስለ ተቀመጡ የሚያገናኛቸው ጠፋ። አንገቷ በነጠላ ተሸፍኖ ስለሚውል ጠባሳውን ያየ የለም፤ እሷም አልተናገረችም፣ የጠየቃትም የለም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል እንሰማለን፤ የእሷ ግን እንቅርቱ ከወጣ በኋላ የመጣ ነው።

ነገሩ የተፈታው አሜሪካ ያለችውን ልጇን ልትጠይቅ በሄደች ጊዜ ነው። እዚያ ያየቻት ሐኪም በመጀመሪያ ነጠላዋን እንድታወርድ ጠየቀቻት። ጠባሳውን አይታም ደሟን አስመረመረች። አክስቴ ይዛ በተመለሰችው ወረቀት ላይ፣ ከብዙው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መካከል አንዲት አጭር ምልክት ነበረች፤ «ኢ 89.0» የምትል።

ምልክቷን ለመረዳት አስቀድሞ ዕጢውን ማወቅ ያስፈልጋል። በአንገታችን ፊት ለፊት ቢራቢሮ የሚመስል ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ከምግብ በሚያገኘው አዮዲን ሆርሞን ይሠራል፤ የሰውነታችንም የሥራ ፍጥነት በዚህ ሆርሞን ይወሰናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ልብ ቀስ ብላ ትመታለች፣ አንጀት ይዘገያል፣ ብርድ ይጸናል፣ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይበዛል፣ መፀነስም ሊያስቸግር ይችላል። ችግሩ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። የሚታወቀውም በደም ምርመራ ነው። በአንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ፣ ታይሮይዱ ሲሰንፍባት እንደ ጎበዝ አለቃ የምትቀሰቅስበት ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለ ሆርሞን አላት። ቲ.ኤስ.ኤች. ከፍ ብሎ፣ ታይሮይዱ የሚሠራው ቲ 4 ዝቅ ካለ ዕጢው ደክሟል ማለት ነው።

ወደ ምልክቷ ልመለስ። ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቅርቦ ነበር። ከዚያ የተነሣውን ዓለም አቀፍ የበሽታዎች መለያ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። በአሥረኛው እትም «ኢ 03.9» ማለት ምክንያቱ ያልተገለጸ የታይሮይድ መዳከም ነው። «ኢ 01» ከአዮዲን እጥረት የመጣ የታይሮይድ ሕመምን፣ «ኢ 03.2» በመድኃኒት ምክንያት የመጣ መዳከምን፣ «ኢ 06.3» ደግሞ የሰውነት መከላከያ የገዛ ዕጢውን ሲወጋ የሚመጣውን ሕመም ያመለክታሉ። የአክስቴ «ኢ 89.0» ከሕክምና በኋላ የመጣ መዳከም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው እትም ቁጥሮቹን ለውጧቸዋል፤ ቢሆንም አሥረኛው በብዙ ቦታ ገና ያገለግላል።

ይህ የጸሐፊዎች ጣጣ እንጂ የእኛ ምን አግዶን የምትሉ ትኖራላችሁ። የአክስቴን ወረቀት ያነበበው የአዲስ አበባ ወጣት ሐኪም ግን የቆየ ታሪኳን አልጠየቀም፤ ቀዶ ሕክምና እንደ ነበረና መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ እንደሆነ ከዚያች ምልክት ተረዳ። «ድካም» የሚል ካርድ ይህን ሊነግረው አይችልም። በሌላም በኩል፣ በአንድ ወረዳ የአዮዲን እጥረት ያለባቸው ሴቶች ሁሉ «ድካም» ተብለው ከተመዘገቡ በዓመቱ መጨረሻ በሪፖርቱ ላይ የሚታየው ድካም ብቻ ነው። በአገራችን ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ጥቅሙ የት እንደ ደረሰና የት እንዳልደረሰ የሚለየው ግን በትክክል በተጻፈ መዝገብ ጭምር ነው።

ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ጽሑፉም አንዳንድ ጊዜ ለራሱም አይነበብ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው ከእኛ ይነሣ። «በሽታዬ በስሙ ተጽፏል ወይስ ምልክቱ ብቻ? ምክንያቱስ ተጽፏል?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የላቦራቶሪውን ውጤት ከነቀኑ ቅጂውን ውሰዱ። እንቅርት ወጥቶላችሁ፣ በአንገት ላይ የጨረር ሕክምና ተደርጎላችሁ ወይም ለልብ አሚዮዳሮን፣ ለአእምሮ ሕመም ሊቲየም ወስዳችሁ ከሆነ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ይባላል። በባዶ ሆድ በውኃ ተውጦ፣ ቁርስና ቡና ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። የደም ማነስ የብረት ክኒንና ካልሲየም ከእሱ በአራት ሰዓት ይራቁ። ጾም የምትጾሙ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ማታ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ መውሰድም ይቻላል። መጠኑ ከተለወጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሙ እንደገና ይታያል። ያረገዘች ሴት ደግሞ መጠኑ ሊጨመርላት ስለሚገባ ማርገዟን እንዳወቀች ትናገር፤ የፅንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነውና። ደኅና ሆንኩ ብሎ በገዛ እጅ ማቋረጥ አክስቴን ወደ ጋቢዋ የሚመልስ ነው።

አሁን ቡናዋን ራሷ ትቆላለች። ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ከዕድር ደብተሯ ጋር አስቀምጣዋለች፤ ባሏም የት እንዳለ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ወደምትታከምበት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። እሷም ያደገችው በዚያው ደጋ ነው፤ ዘንድሮ ብርድ በረታብኝ ትላለች። ነርሷ ካርዱን ገልጣ የመጨረሻውን መስመር አሳየችኝ። «ድካም» ይላል። ሐኪሙ የእናቴን አንገት በእጁ ዳስሶ ደሟን እንድትሰጥ አዘዘ፤ ውጤቱን የምንቀበለው በመጪው ሐሙስ ነው።